ያልጎረስከው ሁለተኛ ጉርሻ

የቤዛ አባት፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ አንተስ ደህና ቦታ ነህ፣ ደህና ያልሆንነው እኛ ነን። ከተለየኸኝ ሁለት መስቀል አለፈ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ተቆጥቼህ ነው። አሁንም ቁጣዬ አልበረደም፤ ግን ካንተ ሌላ ከማን ጋር ልጣላ?

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከደጃችን እስከ ሲቀላ ገበያ ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ ያ ዝናብ በጣለ ቁጥር የምትረግመው ጭቃ የለም። ቤዛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፣ በቁመት በልጣኛለች። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከልለው ነገር ያው ያንተው ነው። ብየዳ ቤትህን ለአንድ የቆርቆሮ ነጋዴ አከራየሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ ዘግቶ ይሰግዳል፣ ቤዛንም እንደ ልጁ ያያታል። የከሰል ምድጃዬ ግን ዛሬም አንድ እግሩ ስብር ነው፣ በድንጋይ አስደግፌ እሠራበታለሁ። “ነገ እበይድልሻለሁ” እያልክ ስንቱን ነገ አሳለፍከው! ለሚስ ሲሆን ግን እጅህ አይቦዝንም ነበር።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ግራ እንዳይገባው ልንገረው፦ ሚስ ዩኒቨርሲቲ ልታስተምር ከፊሊፒንስ የመጣች ሴት ናት፤ ከዚያ በፊት ጃፓን ብዙ ዓመት ሠርታለች። ተማሪዎቿ ሚስ ስለሚሏት ሰፈሩም ሚስ ብሎ ቀረ። ባሌ ጋ የመጣችው ፍርግርግ ልታሠራ ነው። የዶሮ አንጀት አጥባ፣ ቀጭን እንጨት ላይ ጠምዝዛ፣ ከሰል ላይ ልትጠብስበት። በአገሯ መንገድ ዳር ሰው ተሰልፎ የሚገዛው ምግብ ነው አሉ። እኛ ለውሻ የምንጥለውን!

አንተ ደግሞ ከፌሮ ቁርጥራጭ ያንን የመሰለ ፍርግርግ በየድክላት። እሱ ሳይበቃ የጃፓኑ መጣ። ጃፓኖች ስምንት እጅ ያለው የባሕር አውሬ ቆራርጠው፣ ሊጥ ውስጥ ከተው፣ እያድበለበሉ ይጠብሳሉ አለችህ። አውሬው እዚህ ስለሌለ ከጫሞ በመጣ ነጭ አሳ ተካችው፤ መጥበሻው ግን ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ብረት መሆን ነበረበት። ያንን ላሜራ ስትቀጠቅጥ ሳምንት ሙሉ ዋልክ፣ የሰው መስኮትና በር እየጠበቀህ። ጉድጓዶቹ ልክ መሆናቸውን ልትሞክር የቤዛን ብይ እያንከባለልክ ስታይ ምድጃዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀና ብለህም አላየኸኝ።

ይባስ ብሎ፣ በአገሯ እንደሚበላው፣ ጫጩት የጀመረ እንቁላል አማራት። ከታቀፈችው ገብስማ ዶሮዬ ሥር ሦስት እንቁላል መንትፈህ ወሰድክላት። የኔን ዶሮ! ቀቅላችሁ፣ እሷ በኮምጣጤ አንተ በሚያቃጥለው ዳጣ፣ ላባ ሊያወጣ የደረሰውን ጫጩት ከነመረቁ በላችሁት። ቤት ገብተህ ራት ባቀርብልህ ጠግቤያለሁ አልከኝ። ዓይኔ ደም የለበሰው ያን ጊዜ ነው። ሌላ ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ጠባይህን አጥቼው አይደለም። ግን እሷ ጋ አዲስ ነገር በቀመስክ ቁጥር የምትስቀውን ሳቅ እኔ ማዕድ ላይ ሰምቼው አላውቅም። ሃያ ዓመት ያበሰልኩልህ እኔ፣ የሚሳቅላት እሷ!

ከዚያ አንድ እሁድ ከቸርች ስንወጣ ግቢዋ ጠራችን። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚለውን ቀድመህ አስተምረሃት ኖሮ፣ አንጀቱን አንድ ጊዜ አጎረሰችህና ቶሎ ብላ ደገመችህ። ወደ እኔ ስትዞር አንዱን ለይሉኝታ ተቀበልኩ። ሳላላምጥ በውሃ ዋጥኩት። ሁለተኛውን ስትዘረጋ ፊቴን አዞርኩ። አንተ ደነገጥክ፣ እሷም እጇን ሰበሰበች። ከዚያ በኋላ ደጇን አልረገጥኩም።

ልብህ ድንገት ከድቶህ ብየዳ ቤትህ ውስጥ የወደቅክ ሰሞን እህል በአፌ አልዞር አለ። ጎረቤቱ ለመነኝ፣ የቸርች እናቶች ተቆጡኝ፣ እንቢ አልኩ። ታዲያ ሚስ ፍርግርጉን በባጃጅ ጭና መጣች። ከድንኳኑ ጥግ ከሰል አያይዛ አንጀቷን መጥበስ ጀመረች። እናቶች ተንሾካሾኩ፤ ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። እሷ ግን እያለቀሰች ታገላብጣለች። እውነቱን ልንገርህ፣ እንባዋም አስቀናኝ። ያንተን ልቅሶ እንኳ ከእኔ እኩል መካፈሏ አንገበገበኝ።

ከዚያ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። በቂጣ ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋችና፣

“አንድ ያጣላል” አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። “ይሄ ሁለተኛው ነው።”

አፌን ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ አላመጥኩት።

የቤዛ አባት፣ ይጣፍጣል። ጣፈጥ፣ ኮምጠጥ ብሎ፣ ከሰል ከሰል ይላል። እሁድ እሁድ ሸሚዝህ ላይ የሚሸተኝ ያ ሽታ ነው። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ በልቅሶው መካከል የቀናሁት ግን ባንተ ነው። ይህን ሁሉ ጣዕም ቀድመኸኝ ቀመስክ። አብረን ብንበላው ኖሮ እኔም እንደሷ አስቅህ ነበር።

ሚስ የሥራ ውሏ አልቆ ባለፈው ወር አገሯ ገባች። ፍርግርጉንም ባለጉድጓዱን ብረትም ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ስንሰነባበት ሁለቴ አጎረስኳት፤ ከሷ ጋር ታርቀናል። እሁድ እሁድ እኔና ቤዛ አሳውን በሊጥ እያድበለበልን በሠራኸው ብረት ላይ እንጠብሳለን። ቤዛ እንዳንተው በዳጣ ትበላዋለች። የምድጃዬን እግር ግን ሌላ በያጅ እንዲነካው አልፈቅድም፤ እንደተሰበረ ይኑር።

ካንተ ጋር ግን ገና አልታረቅንም። በዚያች በመጨረሻዋ ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ አጎረስኩህ። ሁለተኛውን ጠቅልዬ ስዘረጋልህ ደንበኛ በር ላይ ይጠብቅህ ነበርና፣ ማታ ታጎርሺኛለሽ ብለኸኝ ወጣህ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ይኸው እስከዛሬ እንደተጣላን አለን። አልረሳህም። ሁለተኛው ጉርሻህ እኔ ጋ ነው፤ እስክንገናኝ ለማንም አልሰጠውም።

ሚስትህ