በገብስ ማሳዬ ላይ ስለተተከሉት አራት ችካሎች

ሰኔ ፳፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.
ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ

ለክቡር አቶ ላቀው እንግዳ
የአዲስ ማሳ ሥራ መሪና ዋና ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የበቅሎዎስ ወገብ ተሻላት? እኛ ስለ ጤናዎ ጠዋትና ማታ እንጸልያለን። ክቡርነትዎ አንድ ነገር ቢሆኑብን ማሳዬን ከእግድ የሚያወጣልኝ ሌላ ሰው በዚህ ምድር ላይ ስለሌለ፣ ከቤተሰብዎ ቀጥሎ ለእርስዎ የሚጨነቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በወገዳ ገበያ በጨርቅ ነጋዴው በአብዱልወሃብ ሱቅ በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ያላገኙት ጽሕፈቴ ደቅቆ ስላላነበቡት ይሆናል ብዬ፣ ይህኛውን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ብዙ ሰው ሊያነብልዎ ከሚችልበት ቦታ ሰቅየዋለሁ። አብዱልወሃብ ሙጫውን ራሱ ለውሶ ሰጥቶኛል፤ ለእርስዎ መሆኑን ሲሰማ ወፈር አድርጎ ቀባው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። በሚያዝያ ወር፣ ትንሣኤ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት፣ ክቡርነትዎ ወደ መንደራችን ብቅ ብለው ላይ ሜዳ የሚባለውን የገብስ ማሳዬን ዞረው ከተመለከቱ በኋላ ለምርጥ ስንዴ ሠርቶ ማሳያ የሚሆነው ይህ ነው ብለው መረጡት። በአራቱ ማዕዘን ነጭ ቀለም የተቀቡና ቁጥር የተጻፈባቸው አራት ችካሎች አስተከሉ፤ ገመድ አስዘረጉ፤ በመዝገብ ጻፉ። አዲሱን ዘር ለግንቦት ልደታ ይዤ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ብለው አዘዙና ያረድንልዎን ሙክት በልተው ሄዱ። ስለ መረጡን እናመሰግናለን። ሙክቱንም እንደወደዱት ከአጥንቱ አይተን ደስ ብሎናል።

ከዚያ ወዲህ ያገኘነውን በረከት በቁጥር ላስረዳ።

፩ኛ፤ ችካሎችዎ የሰበሰቡልኝን ዘመድ ይመለከታል። ክቡርነትዎ በተማሩበት አገር ችካል ለምን እንደሚተከል አላውቅም። በእኛ አገር ግን የመንግሥት ሰው ገመድና መዝገብ ይዞ መጥቶ ማሳ ላይ ችካል ከተከለ፣ ርስቱ እንደገና ሊካፈል ነው፤ ሌላ ምክንያት ሰምተን አናውቅም። ስለዚህ እርስዎ ገና ወንዙን ሳይሻገሩ የአጎቴ ልጅ ሙላው ከደጄ ቆሞ፣ ከአቅኚው አባታችን ጀምሮ በእናቱ እናት በኩል ሰባት ትውልድ ቆጠረና ድርሻዬን አምጣ አለኝ። በሳምንቱ ስድስት ሆኑ፤ ግንቦት ሲያልቅ አሥራ አንድ ሞሉ። ሁለቱን ከዚያ በፊት በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። አንዷ ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ማዶ በእግሯ የመጣች አሮጊት ናት፤ የአያቴን ጠባይ ከእኔ አጥርታ ስለምታውቅ አሳድሬ አበላኋት፣ በማግስቱም ከሰሰችኝ። ለአባቴ ተዝካር እንኳ ይህን ያህል ዘመድ አልመጣም ነበርና ውለታዎ አይረሳኝም።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ከእነሱ አልሻልም። በጎረቤት ደብር በሚኖረው በገበሬው በታፈረ ማሳ ላይም ነጭ ችካል መተከሉን የሰማሁ ዕለት በሬዎቼን ከቀንበር ፈትቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ትውልዴን ልቆጥር እየሮጥሁ ሄጃለሁ። የታፈረ ቅድመ አያትና የእኔ ቅድመ አያት ወንድማማች መሆናቸው ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። አሁን በታፈረ ማሳ ከሳሽ፣ በራሴ ማሳ ተከሳሽ ሆኜ ሁለት ችሎት እመላለሳለሁ፤ ማክሰኞ የምከራከርበትን ቃል ሐሙስ እከራከረዋለሁ።

፪ኛ፤ ስለ እግዱ ነው። የአጥቢያ ዳኛችን አቶ ጥጋቡ የአሥራ አንድ ሰው ትውልድ ሲቆጠር ሰምተው ሲደክማቸው፣ ችካሉን የተከለው ሹም መጥቶ ለምን እንደተከለው በቃሉ እስኪያስረዳ ድረስ በላይ ሜዳ በሬ አይግባበት፣ ችካሉንም የነቀለ ሰው መንግሥትን እንደ ነቀለ ይቆጠርበታል ብለው ወሰኑ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ሙግት ብቸኛ ምስክር ክቡርነትዎ ነዎት። ሦስት ጊዜ ተቀጠረልዎ፤ ሦስት ጊዜ ከዋርካው ሥር ተሰብስበን መንገድ መንገዱን ስናይ ዋልን። በመጨረሻ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰን መልስ ማመልከቻው በሦስት ግልባጭ እንዲቀርብ የሚያዝዝ ነበር። አቅርበናል። ሦስቱም ግልባጮች ይምጡ ይላሉ።

፫ኛ፤ አዲሱ ዘር። የግንቦት ልደታ ዕለት ስልቻ ይዘን ስንጠብቅ ዋልን፤ የሰኔ ልደታ አለፈች፤ የሐምሌዋ ሳምንት ቀራት። ምናልባት ክቡርነትዎ የከርሞዋን ግንቦት አስበው ይሆናል፤ ዓመቱን ለይተን አለመጠየቃችን የእኛ ያልተማርነው ጥፋት ነው።

፬ኛ፤ ከመሄድዎ በፊት ገበሬውን ሰብስበው ድህነታችሁ በዓል ከማብዛታችሁ የመጣ ነው ብለው መክረውን ነበር። ምክሩ ገብቶኛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በላይ ሜዳ አንድ ቀን እንኳ እርፍ አልጨበጥሁም፤ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ አስፈትቶ ያዋለኝ ቅዱስ ማን እንደሆነ ቄሳችንን ብጠይቃቸው ስንክሳሩን ገልጠው አጡት። ስምዎን ከኅዳጉ ላይ እንዲጽፉልኝ ብለምናቸው ተቆጡኝ።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የምንበላው ከላይ ሜዳ የሚገባውን ነው። ሌላው ማሳዬ ድንጋያማ ቁልቁለት ሆኖ፣ ዘሩን ከመለሰ እናመሰግነዋለን። በዚህ ደጋ ደግሞ ገብስ እስከ ሐምሌ አቦ ካልተዘራ ውርጭ ይቀድመዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ያለን ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። ባለቤቴ የሺ ለዘር ያኖረችውን ገብስ በየጠዋቱ የጎታውን አፍ ከፍታ ታየዋለች። ትናንት «ወይ እንዝራው፣ ወይ እንብላው፤ ቁርጡን ንገረኝ» አለችኝ። በሙግት አንደበቴ የታወቅሁ ሰው፣ የጎታውን አፍ መልሼ ከድኜ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥሁ። አምስት ልጆች አሉን፤ ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ዝናቡና ጭቃው መምጣት ቢያስቸግርዎ፣ ችካሎቹ የተተከሉት ለዘር እንጂ ለርስት አለመሆኑን በአንዲት መስመር ጽፈው ማኅተም ያሳርፉባት። ያቺን ወረቀት ያየን ዕለት አሥራ አንዱ ዘመዶቼ ወደየቤታቸው ሊመለሱ፣ እኔም ታፈረን ይቅር በለኝ ልለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቃል ተገባብተናል። ሙላው እንኳ ወረቀቷ በመጣች ማግስት በሬዎቹን ጠምዶ ሊያግዘኝ ምሏል፤ ትውልዱን የቆጠረው ችካል አይቶ እንጂ ክፋት ኖሮበት አይደለም።

ዕድሜዎን እንደ ቀጠሮዎ ያርዝምልኝ፤ ሹመትዎን ያስፋልዎ፤ ችካልዎን ያሳንስልን እያልሁ፣ ደጅዎን ከሚጠኑት ሁሉ በመጨረሻው ረድፍ ሆኜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የተመረጠው ገበሬ
ተክለ ማርያም ባዩ

ግልባጭ፦
ለአጥቢያ ዳኛ ለአቶ ጥጋቡ
ለአሥራ አንዱ ዘመዶቼ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ጽፌ ሙጫው ሳይደርቅ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣው አማቼ ካሴ የክፍልዎን የዘንድሮ ሪፖርት አሳየኝ። በስማዳ የሚገኘው የላይ ሜዳ ሠርቶ ማሳያ በምርጥ ስንዴ ተዘርቶ በሄክታር ሃያ ሁለት ኩንታል እንደሰጠ፣ ገበሬውም እጅግ እንደተደሰተ ታትሞበታል። ገበሬው እኔ ነኝ፤ መደሰቴን ያወቅሁት ከወረቀቱ ነው። ስንዴውን ያስገቡበትን ጎተራ ብቻ ይጠቁሙን፤ የሺ ስልቻዎቹን አራግፋለች፣ አህያም ከጎረቤት ለምነናል። ልጆቹ የለመዱት ገብስ ነው፤ ግድ የለም፣ ስንዴም ይበላሉ።