ክብሮምን በጀርባዬ ያወጣሁበት ቀን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለአልታየሽ ኪዳነወልድ፤ ሽሮ ሜዳ።

እህት ዓለም፥ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ ያምሽ የነበረው ጉልበት ዘንድሮ ቀለል አለልሽ ወይስ እንደ አምናው አልጋ ላይ አዋለሽ? እማማስ? ዓይኗ ያያል? መድኃኒቷን ሳትጨቃጨቅ ትወስዳለች? ጋሼ ኃይለመለኮትስ ደህና ናቸው? ዘበኝነቱን አሁንም እምቢ ብለው ይሠራሉ? ቢታንያስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም።

በደወልሽ ቁጥር «ድምፅህ ምን ሆነ?» ትይኛለሽ፤ እኔም «ጉንፋን ነው» እልሻለሁ። ጉንፋን አይደለም። ስልኩን እማማ እንድትሰማ ጭኗ ላይ ስለምታስቀምጪው ልነግርሽ አልቻልኩም። አሁን ኪዲ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ወደ አዲስ አበባ ስለምትሄድ ይህን ወረቀት በእጇ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እማማ ከጠየቀችሽ ሰላምታ ብቻ ነው በያት።

ከመጋዘኑ ሥራ ከወጣሁ በኋላ ጓደኛዬ ክብሮም አዲስ ሥራ እንዳስገባኝ ታውቂያለሽ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ግን አድበስብሼ ነበር የነገርኩሽ፤ ትስቂብኛለሽ ብዬ። እዚህ ከለንደን ወጣ ብሎ ኬንት በሚባለው አገር ጫካው ውስጥ አጋዘን በጣም በዝቷል። ችግኙን ስለሚጨርሱት ፈቃድ ያላቸው አዳኞች በየዓመቱ ይቀንሷቸዋል። አዳኙ የሚቀመጠው ዛፍ ላይ ነው። መሰላል ያለው የብረት ወንበር አለ፤ ከግንዱ ጋር በጠፍር ይታሰርና እላዩ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ያን ወንበር መኪና በማይገባበት ጭቃ ውስጥ ተሸክሞ የሚወስደውና የሚያስረው ደግሞ እንደ እኔና እንደ ክብሮም ያለው ነው። ከክላፋም ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በቫን ያነሱናል፤ ጫካው ዳር ያራግፉንና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዱናል። በቀን ሦስት አንዳንዴም አራት ወንበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ትከሻዬ ተልጦ ደማ። ወንበሩ የሚታሰርበት የጀርባ መሸከሚያ ሰጥተውናል፤ እኔ ግን ዝቅ አድርጌ ነበር የማስረው፥ በየእርምጃው ወደ ኋላ ይጎትተኛል። አንድ ቀን ዝናብ ውስጥ ቆሜ ስምሽን ጠራሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመሽ ስትወርጂ ሸክሙ እስከ ማጅራትሽ ከፍ ብሎ፥ ከጀርባሽ ጋር ተጣብቆ እንደነበረ ትዝ አለኝ። ገመዱ ሥር አሮጌ ነጠላ አጥፈሽ ትከቺ ነበር። እኔም ወንበሩን ከፍ አደረግሁት፥ ወደ ጀርባዬ አስጠጋሁት፥ ሹራቤን አጥፌ ወገቤ ላይ አደረግሁና የወገቡን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጌ የትከሻውን አላላሁት። ክብደቱ ዳሌዬ ላይ ተቀመጠ። ያው ወንበር መሆኑን ማመን አቃተኝ። ክብሮም «ምን ዓይነት አሸካከም ነው?» ብሎ ከሳቀብኝ በኋላ ማግስቱን እሱም እንደዚያ አሰረ። «እህትህ እዚህ ብትሆን ፎርማን ያደርጓት ነበር» አለኝ። እህት ዓለም፥ አንቺ ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ዳገት እኔን ደብተር ለማስያዝ ምን ስትሸከሚ እንደኖርሽ የገባኝ እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ሞልቶኝ።

ነገሩ የደረሰው መስቀል በዋለ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሦስተኛውን ወንበር እያሰርን ነበር። ዛፍ ላይ ስንወጣ ወገብ የሚይዝ የደህንነት ቀበቶ መታጠቅ አለብን፤ ነገር ግን ለሁለት ሰው የተሰጠን አንድ ብቻ ነው። ክብሮም አለቃችንን ሁለት ጊዜ ጠይቆት «በሚመጣው ሳምንት» ብሎታል። የዚያን ዕለት ከዚያ በፊት የነበረውን ዛፍ የወጣሁት እኔ ስለነበርኩ ቀበቶው እኔ ላይ ነው። የላይኛው ጠፍር ላላ ብሎ ነበር። ክብሮም «ቆይ እኔ ላጥብቀው» አለ። እኔ «ቀበቶውን ልፍታልህ» አልኩት። «የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፥ ተወው» ብሎ ወጣ። እኔም ተውኩት። በቃ፥ ተውኩት።

ጠፍሩን ሲስበው ለቀቀ። ሲወድቅ አልጮኸም። በጀርባው የዛፉ ሥር ላይ አረፈ። ሮጬ ስደርስ ዓይኑ ተከፍቷል፤ «መርዕድ፥ በረደኝ» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ፥ ኔትወርክ የለም። የሱንም አየሁ፥ የለም። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። ዝናቡ እየበረታ ነው፥ ከንፈሩ እየጠቆረ ነው፥ ቫኑ እስኪመጣ አራት ሰዓት ይቀራል። እስከ አስፋልቱ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ኮቴን አልብሼው «ሮጬ ሰው ልጥራ» ብዬ ስነሳ ሱሪዬን ያዘኝ። «እዚህ አትተወኝ። በልጄ ይዤሃለሁ፥ አትተወኝ» አለኝ። ሦስት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ። ድጋሚ ሄድኩ፥ ድጋሚ ተመለስኩ። ያንን ሰዓት እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?

በመጨረሻ ባዶውን መሸከሚያ አመጣሁ። ክብሮምን ጀርባውን ከጀርባዬ ጋር አድርጌ በጠፍሮቹ አሰርኩት። ከፍ አድርጌ፥ አስጠግቼ፥ ልክ እንደ አንቺ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ዛፍ ይዤ ተነሳሁ። ሰባ ኪሎ ይሆናል። መንገድ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ እንደማልነሳ ስለማውቅ፥ እናንተ እንጨት ስትወርዱ እንደምታደርጉት ጎንበስ ብዬ ዛፍ ተደግፌ ብቻ ነበር የማርፈው። መጀመሪያ ያቃስት ነበር። ቆይቶ ዝም አለ። ዝም ሲል ስሙን እጠራለሁ፤ «አለሁ» ይለኛል። አስፋልቱ ላይ ስደርስ አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ አምቡላንስ ጠራችልን።

የአምቡላንሱ ሰውዬ ገና ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ማን ነው ያንቀሳቀሰው?» አለ። «እኔ ነኝ» አልኩት። አንገቱን እንደሚሰበር ዕቃ በጥንቃቄ አስሮ ወሰደው። ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለእታፈራሁ ስነግራት እሷም አረጋውያን በምትንከባከብበት ሥራዋ ስለሠለጠነች «ውይ መርዕድ፥ ከከፍታ የወደቀ ሰው እኮ አይነካም» አለችኝ። ወዲያው አፏን ያዘች። ግን ቃሉ ወጥቷል።

ክብሮም አከርካሪው ተሰብሯል። ኦፕራሲዮን አደረጉት። ከወገቡ በታች አይሰማውም፥ አይንቀሳቀስም። እህት ዓለም፥ ሰውዬው ኳስ ተጫዋች ነበር እኮ፤ እሑድ እሑድ ከሐበሻ ልጆች ጋር ይጫወት ነበር።

በአራተኛው ቀን አለቃችን ስቶክዌል እኔ ሰፈር ድረስ መጣ። ቡና ጋበዘኝ፥ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፥ ከዚያ ወረቀት አወጣ። ለሁለታችንም ቀበቶ እንደተሰጠን፥ ክብሮም ግን በራሱ ፈቃድ ሳይታጠቅ እንደወጣ ይላል። «እዚህ ጋ ሳይን አድርግ፥ ሥራህ ይቀጥላል» አለኝ። እንደዚያ አልነበረም አልኩት። አልተቆጣም። ስኒውን አስቀመጠና፥ «ሰዎች ሲመረምሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን እንዳነሳው ነው። የወደቀ ሰው አስረህ አንድ ሰዓት ተሸክመሃል። ይህን አስበህበታል?» አለኝ። ወረቀቱን ትቶልኝ ሄደ።

ወረቀቱ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አራት ቀን ተቀመጠ። ምግብ አልወርድልኝ አለ። ታምኚያለሽ፥ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። ልፈርም ነበር፤ ለሌላ ሰው አልነገርኩም፥ ላንቺ ግን እነግርሻለሁ። ምክንያቱም አለቃው የተናገረው እኔ ራሴን የምጠይቀው ነው። ወድቆ ነው የተሰበረው ወይስ እኔ ነኝ የሰበርኩት? በየእርምጃዬ ሲያቃስት አጥንቱ ውስጥ ምን እየሆነ ነበር? በመጨረሻ እታፈራሁ ወረቀቱን አንስታ «ይህን ከፈረምክ ክብሮምን ሁለተኛ ትጥለዋለህ» አለችኝ። ቀድጄ ጣልኩት።

የክብሮም ሚስት ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ሃክኒ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ፋንታዬ በሩን ከፈተች፥ ሂድም አላለችኝም፥ ግባም አላለችኝም። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀበቶው እኔ ላይ እንደነበረ፥ እንደተሸከምኩት፥ ወረቀቱን። እስክጨርስ ሰማችኝና፥ «አንሥተህ እንዳመጣኸው ሆስፒታል ነግረውኛል። የነገሩኝ ዕለት ረግሜሃለሁ» አለችኝ። «ልክ ነሽ» አልኳት። «ልክ መሆኔን አላውቅም» አለች። «ጫካ ውስጥ በርዶት ቢሞትስ ኖሮ የምረግመው ማንን ነበር? አሁንም አልማርኩህም፤ ግን ቀዝቃዛ ነው፥ ግባ።» ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሥራ ደህንነት የሚመረምሩ የመንግሥት ሰዎች ጠርተውኝ ቃሌን ሰጠሁ። ቀበቶው አንድ እንደነበረ ተናገርኩ፤ ሳልጠየቅ የተሸከምኩትንም ተናገርኩ። መርማሪዋ ሴት «ለምን?» ስትለኝ «አትተወኝ አለኝ» አልኳት። ጻፈችው። ሐኪሙንም ለምኜ አናገርኩት፤ አወዳደቁ ብቻውን ሊሰብረው እንደሚችል፥ መሸከሙ ይጨምርበት አይጨምርበት ግን ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገረኝ። ማንም። ቃሌን በሰጠሁ በማግስቱ ከሥራ አሰናበቱኝ። ምርመራው ገና አላለቀም፤ እኔንም ይክሰሱኝ አይክሰሱኝ አላውቅም።

ክብሮምን ራሱን መጠየቅ ፈርቼ ስንት ቀን አልጋው ሥር ተቀምጬ ስለ አየር ሁኔታ አወራሁት መሰለሽ። ባለፈው ሳምንት እሱ ነው ያነሳው። «ገና መሬት ላይ እያለሁ፥ ሳታነሳኝ፥ እግሬን በእጄ ነክቼው ነበር» አለኝ። «የሌላ ሰው እግር ነበር የመሰለኝ። ያኔውኑ አልቆ ነበር።» እውነቱን ይሁን እኔን ለማሳረፍ ይሁን አላውቅም። ሰው እንዲከፋው የማይፈልግ ልጅ ነው፤ ውሸት መናገር ካለበትም ፊቱ ሳይለወጥ የሚናገር ነው። ዓይኑን አየሁት፥ አልገባኝም።

እህት ዓለም፥ ከዚያ ቀን ወዲህ የሽንኩርት ከረጢት እንኳ አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። መንገድ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። እታፈራሁ ሐኪም አናግር ትለኛለች፤ ምን ብዬ? ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እቆማለሁ፥ ጸሎቱ አፌ ውስጥ ይቀራል። እንደዚህ ሆኜ አላውቅም። አንቺ ሸክም የምታውቂ ሰው ነሽ። እባክሽ አታባብዪኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ትተሽው ትሄጂ ነበር? ጻፊልኝ፥ ወይም ለኪዲ ንገሪያት፥ ይዛልኝ ትመጣለች።

ትናንት ሆስፒታል ነበርኩ። ነርሷ ክብሮም ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር እንዴት እንደሚነሳ ልታስተምር መጣች። በመጀመሪያ ለፋንታዬ አሳየቻት፤ ቀጥሎ «ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፥ ማነው?» አለች። እኔ ሳላስበው ወደ በሩ እየሸሸሁ ነበር። ፋንታዬ ዞር ብላ አየችኝ። ክብሮም እጁን ዘረጋ። «መርዕድ፥ ና አንሳኝ» አለ። አልችልም አልኩት። «እኔ እኮ አንተን ነው የማውቀው» አለኝ። ሄድኩ። ነርሷ ጉልበትህን እጠፍ፥ ወደ ደረትህ አስጠጋው አለችኝ። አነሳሁት። ከጥቅምት ወዲህ በጣም ቀሎ ነበር። ወንበሩ ላይ ሳስቀምጠው አንገቴን እንደያዘ ትንሽ ቆየ፥ እኔም አልቸኮልኩም።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መርዕድ በልቶ ያድራል በያት። ጋሼ ኃይለመለኮትን እጅ ነሥቻለሁ፤ ካፖርታቸውን ሳይለብሱ ዘብ እንዳይወጡ። ቢታንያን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፥ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ከኪዲ ትቀበል። ከታች ቤት ላሉት ለእማማ ፍቅርተማርያም ሰላምታዬን አድርሺ። እታፈራሁ አንቺንም እማማንም እጅግ ትናፍቃለች። ላንቺ ደግሞ፥ ወገብሽን ሙቅ ነገር ያዢበት፥ ውኃ ከቧንቧ አንቺ አትቅጂ።

ወንድምሽ መርዕድ ኪዳነወልድ

ስቶክዌል፥ ለንደን
ኅዳር ፳፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.