የልምድ ልውውጥ

ጥቅምት 3

እንደ ወትሮው። አሥረኛ ክፍል ገብቼ ሒሳብ አስተማርኩ። «ገባችሁ?» «አዎ መምህር!» ደወል። ጠመኔውን ከእጄ ሳላራግፍ ርእሰ መምህሩ አስጠራኝ። ተማሪዎች «ክራቫት» ይሉታል። ለአንገቱ የሚጨነቀውን ያህል ከአንገቱ በላይ ላለው ቢጨነቅ የት በደረሰ!

ለልምድ ልውውጥ ውጭ አገር እንሄዳለን አለኝ። እሱና እኔ።

«ለምን እኔ?»

«ሪፖርቱን ማን ይጽፈዋል? ደግሞ እኔ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ትምህርት ቢሮ መዛወሬ ነው። ወንበሬ ባዶ ይሆናል... ማንን እናስቀምጥ ሲሉኝ የምጠራው ስም ያስፈልገኛል።»

ስንት ዓመት የተመኘሁት ወንበር! ልምዱን እሱ ይውሰደው። እኔ ወንበሩ ይበቃኛል።

ባለቤቴ ሻንጣዬን እያወረደች፣ «ልትማር ነው ልታስተምር የምትሄደው?»

«ልታዘብ።»

«እሱንማ እዚህም አላቃተህም።»

ጥቅምት 11

ደረስን። ክራቫት ከሆቴሉ በር ጋር ፎቶ ተነሳ። ከሊፍቱ ጋርም። ልምድ መቅሰም መጀመሩ ነው።

ጥቅምት 12

ትምህርት ቤት ነው ወይስ ሳሎን? ግማሾቹ ልጆች ምንጣፍ ላይ ትራስ ይዘው ተጋድመዋል፣ ግማሾቹ ክብ ጠረጴዛ ከበዋል። የሒሳብ መምህሩ ሹራብ የለበሰ፣ ጺሙን ያላበጠረ ረጅም ሰውዬ ነው። ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ ከልጆቹ ጋር ወረቀት ይቆርጣል። ዲግሪ ይዞ! አንድ ጥያቄ ላይ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ጨረሱት። በዚያ ጊዜ እኔ ምዕራፍ እዘጋለሁ።

ክራቫት በየመሃሉ ራሱን ይነቀንቃል። «ድንቅ ነው! ድንቅ!» አስተርጓሚዋ ገና አፏን ሳትከፍት።

ጥቅምት 13

ሌላ ጉድ። እዚህ ቤት እንግዳ መምህር አይቶ ብቻ አይሄድም። ያስተምራል፣ እነሱ ከኋላ ተቀምጠው ያዩታል። ማን ያስተምር ሲባል ክራቫት እጁን አወጣ። ደስ ሊለኝ ሲል የእኔን ስም ጠራ።

ነገ ነው። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል። በእንቅልፍ ልቤም አስተምረዋለሁ። ሒሳብ እንዴት እንደሚሰጥ ይዩ እስቲ።

ጥቅምት 14

ጥሩ ጀመርኩ። መስመሬ ቀጥ ያለ፣ ጽሑፌ ንጹሕ። ሁለተኛውን ገልብጣችሁ አባዙ። ምሳሌ አንድ፣ ምሳሌ ሁለት። «ገባችሁ?» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። «አዎ» እስኪባል ማን ይጠብቃል?

«አንዷ አልገባኝም ትላለች» አለች አስተርጓሚዋ።

መነጽር ያደረገች ቀጫጫ ልጅ። እጇን እንኳ በወጉ አላወጣችም። ደገምኩላት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«አሁንም አልገባኝም ትላለች። ለምንድን ነው የሚገለበጠው?»

«ሕጉ ነው በያት።»

«ሕጉን ማን አወጣው ትላለች።»

ከኋላ አንዱ መምህር ሳቀ። ደሜ ፈላ። እኛ ጋ ብትሆን ተንበርክካ ነበር የምትጨርሰው! እሷን አይተው ሌሎቹም እጃቸውን አወጡ። እኔም አልገባኝም፣ እኔም... ወረርሽኝ! ማስረዳት አቅቶኝ ነው? ማረጋገጫውን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጽፌዋለሁ። ግን ለዚህች ጩጬ... በምን ቋንቋ? ሰዓቱ አለቀ።

ስትወጣ አንድ ነገር ብላኝ አለፈች። አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ነገ አስበውበት ይምጡ ነው የምትለው።»

አስበውበት! እኔ!

መኪና ውስጥ ክራቫት፣ «ዝም ብለህ ብታልፋት ምን ነበረበት?» አለኝ። እዚያ አገሬ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነበር። ከክራቫት ጋር አንድ ዓይነት ሐሳብ... ያስጠላል።

ጥቅምት 15

ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ገመድና መቀስ ይዤ፣ እንደዚያ ሹራባም።

ለባለ መነጽሯ ልጅ ሦስት ሜትር ገመድ ሰጠኋት። «ስንት ግማሽ ሜትር ይወጣዋል?» ቆረጠች። ስድስት። በሁለት ማባዛት ነው አለች፣ ሳልነግራት። «እሺ፣ ሦስት አራተኛ ሜትርስ?» እዚህ ላይ ተጨነቀች። ሌላ ሦስት ሜትር ወስዳ ሩብ ሩቡን ቆራረጠችው፣ ከዚያ ሦስት ሦስቱን ለየች። አራት ክምር። ለረጅም ጊዜ አየችው። በአራት አባዝቼ ለሦስት አካፈልኩ አለች።

መገልበጡ ይኸው!

«ገባኝ» ያለችው ራሷ ናት። አልጠየቅኳትም። ሹራባሙ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ምን መሰልኩት፣ ፈረስ?

ጥቅምት 20

ክራቫት ሪፖርቱን አጻፈኝ። «ምንጣፍ ይነጠፍ። ክብ ጠረጴዛ ይግባ።»

«ሰባ ልጅ በክብ? ጣሪያው ላይ ነው የሚቀመጡት?»

«አንተ ጻፍ። ወንበሩን ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ጻፍኩ። ምንጣፉንም ጻፍኩ። ስለ ልጅቷ አንድ አንቀጽ ጨምሬ ነበር... «ይሄ እኛን ያሰድባል» ብሎ አውጣው አለኝ። አወጣሁት።

ኅዳር 2

ወደ አሥረኛ ክፍሌ ተመለስኩ። ምሳሌውን ጨርሼ፣ «ያልገባው አለ?» አልኩ። አንድ እጅ አልወጣም። አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም፣ ማንም አይቆጣችሁም፣ ብዬ ሰበክኩ። ከዚያ እንደገና፣ «ገባችሁ?»

«አልገባንም መምህር!»

በአንድ ድምፅ። ደስ ብሏቸው። የምፈልገው መልስ እሱ መስሏቸው! በቀቀኖች።

«ምኑ?»

ክንዴን አጣጥፌ ቆምኩ። ይሳሳቃሉ፣ ይተያያሉ... ቆይቶ ከኋላ አንዷ ተነሳች። ስሟን እንኳ አላውቅም።

«ከየት ጀምሮ ነው ያልገባሽ?»

«መምህር... ብናገር አይቆጡም?»

«ተናገሪ አልኩሽ!»

«ካምናው ጀምሮ ነው።»

አምና ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሰሌዳውን ከዳር እዳር አጠፋሁት።

ክራቫት በመስኮት ብቅ አለ። ወጥቼ አነጋገርኩት። «ምን እያደረግክ ነው? ምዕራፍ ሦስት ላይ መሆን ነበረብህ እኮ!»

«ወደ አምናው ልመለስ ነው።»

«አብደሃል? የዓመቱን ትምህርት፣ ፖርሽኑን፣ የማይጨርስ ሰው ትምህርት ቤት ይመራል ብዬ ነው ለቢሮ ስምህን የምሰጠው?»

«አትስጥ።»

ክራቫቱን አስተካክሎ ሄደ። የፊዚክሱን መምህር ፍለጋ ይሆናል። እሱ ፖርሽን መጨረስ ይችልበታል።

ተመልሼ ገባሁ። ከአምናው እንጀምራለን ስላቸው ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ።

«ኧረ መምህር፣ ገብቶናል እኮ!» አለ አንዱ ከፊት።

«አልገባችሁም» አልኩት።