ወሊሶ ደርሶ የመጣው ጎማ

ደሜ፣ የአስቴር አባት፣

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። ላንተ ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠፍቶኝ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። አስቴር የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ በዚያ በባዶ ድዷ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት፣ አትቆጣ። የጓሮውን አጥር ክረምቱ ጥሎት ነበር፣ አስጠግኜዋለሁ። ያንተ ኮት አሁንም ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው።

እጅ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህ፤ እሑድ እሑድ ታክሲዋ ውስጥ ከጎንህ አስቀምጠህ የየሱቁን ሰሌዳ ስታስነብበኝ፣ ስሳሳት ክላክስ እየነፋህብኝ። በሕይወቴ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ታክሲዋን አልሸጥኳትም። ወንድሞችህ ከአርባህ ማግስት ጀምረው ሽጪያት ሲሉኝ ነበር፤ ችኮነቴን መቼም ታውቀዋለህ፣ እንቢ አልኩ። አሁን የሚነዳት ኃይሉ ነው፣ ያ ከአየር ጤና መርካቶ አብሮህ ይሠራ የነበረው ረጅሙ። ጠዋት እኔንና አባቴ የሠሩትን ኩታ ጭኖ መርካቶ ያደርሰኛል። ቀኑን ሙሉ እኔ ከምሸጥበት ፊት ለፊት እየዞረ ሰው ይጭናል፣ ሲመሽ ይመልሰኛል። ውሎው ከዓይኔ አይወጣም። ይህን የምነግርህ በከንቱ አይደለም፣ ቆይ ትደርስበታለህ።

የገዛሃት ቀን ትዝ ይልሃል? አሮጌ መሆኗን እናውቅ ነበር፤ ግን ሰውየው ሆዷ ስር ሳይቀር ቀለም ቀብቶ አዲስ አስመስሏት ነበር። ወደ ቤት ስናመጣት ጃንሆይ ሊያልፉ ነው ተብሎ መንገድ ተዘጋ። ወርደህ እጅ ነሳህ። እሳቸው አልፈው አቧራው ሲያርፍ ደግሞ የፊት መስታወቷን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግከው። በነጠላዬ! እስከ ኮልፌ ድረስ አኮረፍኩህ። ያ እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፣ እኔም ላስለቅቀው አልሞከርኩም።

ከዚያ ያ የጎማ ነገር መጣ። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ከሌሎቹ ተለይቶ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ከውጭ ለሚያየው ደህና ነው፤ ሲፈታ ግን የውስጠኛው ጠርዝ ሸራው እስኪታይ ተበልቷል። አንድ ቀን ምሳህን ይዤ አየር ጤና ጎሚስታው ጋ ስመጣ፣ ሰውየው ጎማውን እያገላበጠ «ይሄማ ወሊሶ ደርሶ የመጣ ጎማ ነው፣ ደምሴ» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። አንተም ሳቅህ። እኔ ምሳውን እዚያው አስቀምጬ ተመለስኩ።

ቤት ስትገባ ገና ጫማህን ሳታወልቅ «ወሊሶ ማን አለህ?» አልኩህ። መጀመሪያ ሳቅህ፣ ቀጥሎ ልታስረዳኝ ሞከርክ። «መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል፣ ዓለሜ፤ መኪናዋ የሆነ ነገር አላት» አልከኝ። የሚጎትትህ መሪው እንዳልሆነ አውቃለሁ አልኩህ። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ አቁሜ አስማልኩህ። ማልክ። ከማልክም በኋላ አላመንኩህም።

አንድ ቀን ሥራዬን ትቼ ከጠዋት እስከ ማታ አብሬህ ዋልኩ። ከአየር ጤና መርካቶ፣ ከመርካቶ አየር ጤና፣ ሌላ የትም አልሄድክም። ማታ ስንገባ ፈገግ ብለህ አየኸኝ፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ያልሄድከው እኔ ስላለሁ ነው አልኩህ። ጎማ በተቀየረ ቁጥር የወሊሶዋ ሴት በሐሳቤ እየወፈረች፣ ወርቅ እያጠለቀች መጣች። ቀይ አደረግኳት፣ ጥርሷን ፍንጭት አደረግኩላት። ቀኝ ትከሻህ ሲያምህና በቅባት ሳሽህ እንኳ እሷን እያሰብኩ ጠንከር አድርጌ ነበር የማሽህ። አንተ ደግሞ «እጅሽ ደግ ነው» ትለኝ ነበር።

ያ የወፍ በሽታ ጥሎህ ዓይንህ ቢጫ ሆኖ ከተኛህ በኋላ፣ ከመሞትህ ሁለት ቀን በፊት እጄን ይዘህ «የኋላ ቀኟን ጎማ አስመርምሪ» አልከኝ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለሰው ስናገር፣ በዚያ ሰዓት ስለ ጎማ ሲያወራኝ ሆዴ ባሰኝ እላለሁ። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ። ልትለኝ የፈለግከው ገብቶኝ ነበር። ወሊሶ ማንም የለኝም ማለትህ ነበር። ገብቶኝ ነው ያዞርኩት።

አሁን ወደ ኃይሉ ልመልስህ። ባለፈው ሰሞን መጥቶ በቅርቡ ያስገባነው አዲሱ የኋላ ቀኝ ጎማ አለቀ አለኝ። ይህን ሲለኝ ቀኝ ትከሻውን እያሸ ነበር። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ መኪናዋ ወደ ግራ ስለምትስብ ቀኑን ሙሉ መሪውን ወደ ቀኝ ይዤ ስለምውል ነው አለኝ። ኃይሉ ከዓይኔ ርቆ አያውቅም፣ እንኳን ወሊሶ ሰበታም አልደረሰ።

ጎማውን ግቢ ውስጥ አስፈትቼ በመዳፌ ዳበስኩት። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲዳብሱት ለስላሳ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲመልሱት ይቧጭራል። በመንከባለል ብቻ ያለቀ ነገር እንዲህ አይሆንም። ይህ በጎን እየተጎተተ የተፋቀ ነው፤ ይህን ለመለየት መካኒክ መሆን አላስፈለገኝም። ሄጄ አባቴን ጠራኋቸው።

አባቴን ታውቃቸዋለህ። ከዶርዜ ከመጡ ጀምሮ እግራቸውን ጉድጓድ ከተው ሸማ ሲሠሩ ነው የኖሩት፣ ስለ መኪና አንዳች አያውቁም። ዙሪያዋን አንዴ ዞረው አዩዋትና ድር የሚያደሩበትን ችካል አመጡ። የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አስደርገው፣ አንዱን ችካል ከፊቷ አንዱን ከኋላዋ ተከሉና በጎማዎቹ ወገብ ልክ ክር ወጠሩ። በግራ በኩል ክሩ የኋላ ጎማውን ከፊትም ከኋላም እኩል ነካው። ወደ ቀኝ ዞረው ሲወጥሩት ግን የጎማውን የፊት ጠርዝ ነካ፣ ከኋላው ጠርዝ ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። አባቴ ተንበርክከው አይተው «ይህቺ እግር ጎረቤት እያየች ነው የምትሄደው» አሉ። እሳቸው ተነስተው ጉልበታቸውን ሲያራግፉ እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ምን ነካሽ ሲሉኝ አለቀስኩ። ለቀብርህም እንዲያ አላለቀስኩም፣ ያን ጊዜ በግማሽ ልቤ ነበርኩ።

አየር ጤና ጋራዥ ወስደናት በክሪክ ሲያነሷት ያንን እግር የሚይዘው ብረት ተጣሞ ተገኘ። ቀለሙን ሲፍቁት ከስሩ አሮጌ ብየዳ ወጣ። አንተ ሳትገዛት በፊት ክፉኛ ተጋጭታ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ደሜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠማማ መኪና በትከሻህ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ነዳሃት፤ ማታ ደግሞ እኔ ጋ ትመጣና ወሊሶ የት ነበርክ ትባላለህ። እንዴት ቻልከኝ? ብረቱ ተቃንቶ ስትመለስ አባቴ ችካላቸውን እንደገና ተከሉ። ክሩ አራቱንም ጎማ እኩል ነካ።

ባለፈው እሑድ ኃይሉን ወሊሶ ውሰደኝ አልኩት። ምን ልታደርጊ ቢለኝ ዝም ብለህ ንዳ አልኩት። አባቴና አስቴር ከኋላ ተቀመጡ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ኃይሉ በአንድ እጁ ነበር የያዛት፣ በሌላው ለአስቴር ዝንብ እያባረረላት። ወሊሶ ስንደርስ ወርጄ ገበያው ዳር ቆምኩ። ሴቶቹን ሁሉ አየኋቸው። አንዲት ሙዝ ሻጭ መቆሜ በዝቶባት «ማንን ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?» አለችኝ። «ማንንም፤ ባሌ እዚህ ማንም አልነበረውም» አልኳት። ጤነኛ ሳልመስላት አልቀረሁም፣ ሙዝ ስገዛት ምራቂ ጨምራ ሰጠችኝ። ስንመለስ እያነባሁም ቢሆን ሁለት በላሁ።

የመጨረሻውን አሮጌ ጎማ አልጣልኩትም። ደጃፉ ላይ አጋድሜው እቀመጥበታለሁ፣ አሁንም እዚያው ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። አስቴር ነፍስ ስታውቅ እጇን ይዤ ጠርዙን በመዳፏ አስዳብሳታለሁ። አባትሽ እውነት ተናግሮ ነበር፣ እናትሽ ናት ያላመነችው ብዬ እነግራታለሁ፤ ፊቴን ያዞርኩባትን ያቺንም ቀን ሳልቀንስ እነግራታለሁ። ያ ግድግዳ አሁንም እዚያው አለ፣ ጠዋት ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ። አሁን አልጋውን አዙሬዋለሁ፤ ስተኛ ፊቴ ወደ አንተ ቦታ ነው። ዘግይቼ ነው እንጂ አምኜሃለሁ፣ ደሜ።

ያንተው ዓለሚቱ