በሆዷ የምትጠጣው ጉርጥ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ዘይነባ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ለሶላት ሲቀመጡ የሚያምዎት ጉልበትስ ተሻለዎት? ጋሼ ዓብዱልመጂድንስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔና ልጄ አርዋ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ምንም አልጎደለብንም ብዬ እንዳልጽፍ ግን የባለቤቴ የሃያት ቦታ አለ። አላህ ይዘንላት።

እትዬ፣ ለአረፋ ልጅዎ ሙዓዝ መጥቶ አርዋን ይውሰድልኝ፣ እኔ ጋ ትደግ ያሉኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። በስልክ ያልመለስኩልዎት ልጅቷ ከአጠገቤ ስለማትርቅ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና እሺ ልል ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ከ«እሺ» እና ከ«እንቢ» ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔም ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ እናትሽ ጀነት ናት እያልኩ ጠዋት ማታ እመክራታለሁ። አንገቷን ደፍታ ትሰማኛለች፣ በቃ።

ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ልጻፍልዎት። ለሶላት ታጥቤ ውዱእ ከማደርግበት ቧንቧ ስር አንዲት ጉርጥ ትመጣለች። አርዋም በሳህን ውሃ ታስቀምጥላታለች። ያን ቀን ለሃያት ዱዓ ጎረቤት ስለሚመጣ ግቢውን በበረኪና አጠብኩት። ጉርጧን አይቻታለሁ፤ የምትጠጣው ከሳህኑ ነው፣ መሬት አትልስ፣ ምን ትሆናለች ብዬ ተውኳት። አርዋ ከትምህርት ቤት ስትገባ ጉርጧ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተለጥፋ እግሯ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ፣ ያቺ ድምጿን የረሳሁት ልጅ ጮኸችብኝ! «አባዬ፣ ምን አደረግካት? ጉርጥ በአፏ አትጠጣም እኮ! በሆዷ ቆዳ ነው ውሃ የምትስበው! መምህርት ሸዋአየሁ ነግራናለች፣ የነካትን ሁሉ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች!» አለችኝ። ታዲያ ሳህኑ ውስጥ ለምን ትቀመጣለች ብላት፣ «ልትጠጣ ነዋ!» አለች። እኔማ እንደኔ ውዱእ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር።

እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጥናትና ንጹህ ውሃ ቀስ እያልን እናፈስባት ጀመር። ጎረቤታችን ቡዜ ለዱዓው ቀድማ መጥታ፣ «ሙስጠፋ፣ የጠራኸን ለጉርጥ ነው እንዴ?» ስትል አርዋ ፈገግ አለች። እኔ ጥፋተኛው ውሃውን እየቀዳሁ አርዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያኔ ትከሻዬን ተደግፋ ነገረችኝ። እናቷ ሆስፒታል በገባችበት ቀን «ውሃ አምጪልኝ» ብትላት፣ ጨዋታ ይዛ «ቆይ» ብላታለች። ከዚያ ወዲያ አላየቻትም። ልጄ ሰባት ወር ሙሉ ይህን ተሸክማ ኖራለች፤ እኔ ደግሞ ምክር እደርብባት ነበር።

ያን ጊዜ ምክሬን ተውኩት፣ እትዬ። አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ ሶላት ሲጣራ ጉርጧ እየተጎተተች ድንጋይ ስር ገባች። ሰዎቹም መጡ፣ አርዋም ከእኛ ጋር እጇን ዘርግታ «አሚን» አለች፣ ድምጿ እየተሰማ።

እንግዲህ አይቀየሙኝ። ማሰብዎ ለእሷ ብለው መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሙዓዝን አይላኩት። ለአረፋ እኛው ሁለታችን እንመጣለን፤ ስንመለስም ሁለታችን ነን።

ለጋሼ ዓብዱልመጂድ እጅ ነስቻለሁ። ሙዓዝን ይሳሙልኝ። አርዋ ይህን ስጽፍ አይታ፣ እትዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ ብላኛለች።

ወንድምዎ ሙስጠፋ
ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.