አዳራሹ ሁሉ የሰማው ኩረጃ

ይድረስ ለክቡራን የተማሪዎች ዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት፤
ባላችሁበት።

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እንቅልፍ ከራቀኝ በቀር ደህና ነኝ። የእናንተ እንቅልፍ እንዳይጓደል ግን የጋይንትን ታቦታት ሁሉ እየለመንኩ ነው፤ ሐሙስ በእህቴ ልጅ ላይ ስትወስኑ በደንብ ተኝታችሁ የተነሳችሁ ብትሆኑ ይሻለኛል።

የጋዜጣ አንባቢዎቼ ያውቁኛል፤ የሰው ሠርግና የሰው ፍቺ ስተነትን የኖርኩ ወሬኛ ነኝ። ዘንድሮ ወሬው እኔው ቤት ገባ። የእህቴ የዘርፌ ልጅ ምንተስኖት ከጋይንት አርብ ገበያ ወጥቶ እናንተ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተመደበ። በመጀመሪያው የሎጂክ ፈተና ላይ ጎኑ የተቀመጠችው ልጅ የአንዱን ቃል ትርጉም ስታጉተመትም መሃል ላይ ጠፋት፤ እሱም የቀረውን ሞላላት። በሹክሹክታ እንዳይመስላችሁ፤ በዜማ ቤት ድምፁ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ ነው! ፈታኙም «ትፈተናለህ ወይስ ታስተምራለህ?» ብለው ወረቀቱን ነጠቁት። ክሱ ኩረጃ ነው፤ ይባረር ወይስ ይቅር የሚለውን ሐሙስ ትቆርጣላችሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ትጋታችሁ። አዲስ ገቢዎችን ስትቀበሉ በራችሁ ላይ «ከስህተት መማር እዚህ ይጀመራል» የሚል ጨርቅ ሰቅላችሁ ነበር፤ ዘርፌ ፎቶውን በሰው ስልክ አይታ እልል ብላለች። ጨርቁ ገና ሳይወርድ ልጁን ለማሰናበት መድረሳችሁ የሚደነቅ ነው።

፪ኛ. ስለ ሳቃችሁ። ቃሉን ስትቀበሉ «ለምን ነገርካት?» ብትሉት «ጠፍቷት ነዋ!» ብሎ መለሰ፤ ሳቃችሁ ኮሪደር ድረስ ተሰማ አሉ። (ወሬኛ ነኝ ብያለሁ፤ ይደርሰኛል።) እሱ ግን አልቀለደም። አስኳላ ሳይገባ በፊት እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ዜማ ተምሯል፤ እዚያ ደግሞ አንዱ መሃል ላይ ቀለም ሲጠፋው ጎኑ የቆመው ያነሣለታል፣ የሚቆጡትም ዝም ብሎ ያየውን ነው። ምንተስኖት በልጅነቱ አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ቢያይ መምህሩ የኔታ ወልደማርያም «አንተ፣ ወንድምህ ገደል ሲገባ ቆመህ ታያለህ?» ብለው በጓደኞቹ ፊት አሳፈሩት፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ አያውቅም። ይኸው ነገር እናንተ ዘንድ ወንጀል መሆኑን ያስረዳው አልነበረም። ጥፋት አይደለም አልልም፤ ፈተና ፈተና ነው። ዜሮ ስጡት፣ ኮርሱን ይድገም፣ እኔም ጆሮውን እቆነጥጥላችኋለሁ። የሚኮርጅ ሰው ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዲሰማለት ይጮኻል እንዴ፣ ክቡራን?

፫ኛ. ሐሙስን ስለመምረጣችሁ። በማግስቱ ዓርብ ዘርፌ ገበያ ወጥታ ትደውልልኛለች። እስካሁን «ልጄ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ያጠናል» እያልኩ ከረምኩ። ባለፈው ግን «እታለም፣ ድምፁ ተለወጠብኝ እኮ» አለችኝ፤ «ብርድ ነው» ብዬ ቶሎ ስልኩን ዘጋሁ። እንቅልፍ የራቀኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ልጁ ከተባረረ ወደ ቤት እንደማይመለስ ነግሮኛል። «ታዲያ ወዴት ትሄዳለህ?» ስለው ዝም አለ። ክቡራን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዝም ማለት የማያውቅ ልጅ ነው። እኔ የፈራሁት እናንተን አይደለም፤ ያንን ዝምታ ነው። ሐሙስ ብዕራችሁን ስታነሱ ያ ዝምታም ከጠረጴዛው ዳር እንዲቀመጥ ፍቀዱለት፤ ቦታ አይፈጅም።

አንዳች ሳይሳሳቱ አንደኛ ዓመትን የጨረሱ ብርቅ ሰዎችን በአንድ ኮሚቴ ላሰባሰበው ተቋማችሁ ያለኝን አክብሮት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እየገለጽኩ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ከተረፈም ትንሽ ትዝታ እመኝላችኋለሁ።

የምንተስኖት አክስት፣
ወሬኛዋ ጌጤ

ማስታወሻ፦ «ከስህተቱ ተምሯል ወይ?» ብላችሁ እንዳትጨነቁ፤ ተምሯል። በቀደም የመኝታ ክፍል ጓደኛው እሱባለው ትኩሳት ይዞት አልጋው ላይ ሲንዘፈዘፍ፣ ምንተስኖት አልነካውም። ሮጦ የሕንፃውን ፕሮክተር ፈለገና «ጋሼ፣ ውሃ ባቀብለው ይፈቀዳል?» ብሎ ጠየቀ።