አባባ «እንዴታ» ሲል

ውድ ወንድምዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ስለናፈቅከኝ ብቻ አይደለም። ናፍቀኸኛል፤ ግን ንዴቴ ከናፍቆቴ ይበልጣል። በስልክ ልነግርህ ስሞክር ግማሹን ሳልጨርስ «በሽተኛ እያየሁ ነው፣ በኋላ እደውላለሁ» ትለኛለህ። ያ «በኋላ» ደግሞ እግር የለውም መሰለኝ፣ ደርሶ አያውቅም። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ቀደህ ልትጥለው ትችላለህ፤ መሃል ላይ ገብተህ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ልትለው ግን አትችልም።

ሰኞ ዕለት ኮርሳችንን ጀመርኩት። ብቻዬን። የክፍሉ በር ላይ «የኮግኒቲቭ ኒውሮሳይንስ ታሪክና አመጣጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አንጎልንና አእምሮን አንድ ላይ እናስተምርበታለን ያልነው ኮርስ፤ ከሥሩ የሁለታችንም ስም አለ። ያንተን ልሰርዘው እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። አንዷ ተማሪ «ሁለተኛው መምህር መቼ ነው የሚመጡት?» ስትለኝ «መንገድ ላይ ናቸው» አልኳት። ለአንተ ስል ተማሪ ፊት ዋሸሁ። ይኸውልህ አንዱ ንዴቴ።

ታሪኩን ከጥንቶቹ ግብፆች ጀመርኩ፤ ሬሳ ሲያደርቁ ልብን በክብር አስቀምጠው አንጎልን በአፍንጫ በኩል እየጎተቱ ስለሚጥሉት። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አፌ ስለ ግብፅ ቢያወራም ሐሳቤ አባባ ፀጉር ቤት ነበር። ለእኔና ለአንተ ይህ ትምህርት የተጀመረው እዚያ አይደል? ከትምህርት ቤት መልስ ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው አግዳሚ ላይ ደብተራችንን ዘርግተን፣ አባባ የደንበኛውን ራስ በጣቶቹ እየዳበሰ ጠባዩን ሲተነብይ እንሰማ ነበር።

«ይቺን እብጠት ታያታለህ? የግትርነት ናት፤ አያትህም ነበረችበት።»

«ኧረ ጋሼ፣ እሷስ ትላንት በር መትቶኝ ነው!»

«ታዲያ ከበሩ ጋር የተጋፋኸው ግትር ስለሆንክ አይደል?»

አንተ አንደኛ ዓመት ሕክምና እንደገባህ አንድ መጽሐፍ ይዘህ መጣህና፣ ራስ ቅልን እየዳበሱ ጠባይ እናውቃለን የሚሉ ምሁራን በእርግጥም እንደነበሩ፣ ሐሰት መሆኑ ግን ከታወቀ መቶ ዓመት እንዳለፈው አነበብክለት። አባባ መላጫውን እየጠረገ፣ «ታዲያ ሰው ፀጉሩን ሲቆረጥ ስለ ምን ላውራው? ስለ አየሩ?» አለህ። አንተ ከቅሉ ሥር ያለውን ማየት ነበር የምትፈልገው። እኔ ደግሞ ሰውየው መስታወቱ ውስጥ ፈዞ ሲቀር ምን እያሰበ እንደሆነ። አባባ ለደንበኞቹ ሲያስተዋውቀን፣ «ይሄ ትልቁ ልጄ ቤቱን ይመረምራል፣ ይቺ ደግሞ ተከራዩን ታነጋግራለች» ይል ነበር።

አድገን አንተ የነርቭ ሐኪም፣ እኔ የሥነ ልቦና መምህርት ሆንን፤ ክርክሩ ግን ከገበታ አልወረደም። አንተ «አንጎል» ስትል እኔ «አእምሮ»። «ያንቺ ትምህርት ከስሙ ጀምሮ ልብ ላይ የቀረ ነው፣ ሥነ ልቦና!» ትለኝ ነበር። «አንተስ በሽተኛህን ‹ልብ ብለህ ስማኝ› አይደል እንዴ የምትለው?» ስልህ አባባን በሳቅ ውሃ ያንቀው ነበር። ያን የገበታ ላይ የሦስታችንን ሳቅ ነው ያጣሁት።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ አንተ በተማርክበት ሆስፒታልና በእኛ በሥነ ልቦናዎቹ ሕንፃ መሃል ያለውን የሽቦ አጥር ታስታውሳለህ። ያ አጥር በእኛ ግቢ ብቻ አልነበረም፤ ትምህርቱ ራሱ ዘመኑን ሁሉ እንዲያ ታጥሮ ነው የኖረው። ወዲያ ማዶ ያሉት አንጎል ይቆርጣሉ፣ ሕዋስ ይቆጥራሉ፤ ሰውየው ምን ያስብ ነበር ብለው አይጠይቁም። ወዲህ ማዶ ያሉት ደግሞ ብዙ ዘመን «ጭንቅላት የተቆለፈ ሳጥን ነው፤ የገባውንና የወጣውን ብቻ እንለካለን» ብለው ተቀመጡ። ኮምፒውተር መጥቶ ስለ ማሰብ በድፍረት ማውራት እስኪጀመር፣ የሕያው ሰው አንጎል ሲሠራ የሚያሳይ መሣሪያ እስኪሠራ ድረስ ሁለቱ ሰላምታም አልነበራቸውም። «ኮግኒቲቭ ኒውሮሳይንስ» የሚለው ስም እንኳ የወጣው ሁለት ምሁራን ወደ እራት ሲሄዱ ታክሲ ውስጥ ነው ይባላል። ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ፣ እኛም ታክሲ ውስጥ ሆነን፣ ዝናብ መስኮቱን እየደበደበው። «በቃ እኛም አብረን እናስተምር፣ እኔ ከሩቅ እየተመላለስኩም ቢሆን፤ አንቺ ተከራዩን፣ እኔ ቤቱን» አልከኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና «ስም የምታወጡ ከሆነ ፈጠን በሉ፣ ደርሰናል» አለ። እንደዚያ ቀን ኮርቼብህ አላውቅም።

ከዚያ ነው አባባ የታመመው።

አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ ገና። በመጀመሪያ የደነገጠው መቀስ ሲወድቅ ሰምቶ አይደለም፤ ወሬው ስለተቋረጠ ነው። አባባ ወሬ ጀምሮ አቋርጦ አያውቅማ። ያ ሰው አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እንኳ ሳይፈታ አባባን አቅፎ ሆስፒታል አደረሰልን። ስትሮክ ነው አሉን። አንተ በማግስቱ ከምትሠራበት ከተማ ስትደርስ «ተመስገን፣ ወንድሜ መጣ» አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል፤ አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ ምርመራው ባንተ ነው የተገኘው። አባባ በሕይወት ያለው በእኔ ጸሎት ብቻ አይደለም።

ግን ዓይኑን ገልጦ ሲያይህ «አባባ፣ እንዴት ነህ?» አልከው።

«እንዴታ» አለ።

«ስምህ ማነው?»

«እንዴታ።»

«ያምሃል?»

«እንዴታ! እንዴታ፣ እንዴታ…»

ፊትህ ሲበራ አየሁት። ልጅ አባቱን ሲያገኝ የሚበራው ዓይነት አልነበረም። የተማርክበት ሆስፒታል ነውና ኮሪደር ላይ የነበሩትን ተለማማጅ ሐኪሞች ጠራሃቸው። «ኑ፣ ስሙት። መጽሐፍ ላይ ያነበባችሁት ሰውዬ ይኸውላችሁ።» ስልክህን አውጥተህ ቀረጽከው። የአንጎሉን ምስል ስክሪን ላይ ከፍተህ በግራ በኩል ጠቆር ያለውን ቦታ በጣትህ እየነካህ፣ «ንግግር እዚህ ነበር። ሄዷል» አልካቸው። እዚያው፣ ከአልጋው አጠገብ! የሄደው ንግግሩ ነው እንጂ መስማቱ እንዳልሄደ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? አባባ እነዚያን ልጆች ተራ በተራ አያቸው። አንተንም አየህ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንተ ያኔ ስክሪኑን እያየህ ነበር።

በዚያው ምሽት «ሥራ አለብኝ» ብለህ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ድምፅህን ብቻ ነው።

እዚህ ያለውን ኑሮ ላንተ ማስረዳት ይቸግራል። «አባባ፣ ውሃ ትፈልጋለህ?» «እንዴታ!» አመጣለታለሁ፤ ይገፋዋል። «አትፈልግም ማለት ነው?» «እንዴታ!» ይቆጣል። ትራሱ ነው? መስኮቱ ነው? ሽንት ቤት ነው? ሁሉም እንዴታ ነው። የስዕል ካርዶች ሠራሁለት፣ ያውም ስንት ጥናት አገላብጬ፤ በደህናው እጁ ጠርጎ ወለሉ ላይ በተናቸው። ያን ቀን ጓሮ ወጥቼ ባዶ ባልዲ በእርግጫ መታሁ። ባልዲው ምንም አልሆነም፣ እኔ ግን እያነከስኩ ተመለስኩ። አባባ አየኝና ሳቀ። ሳቁ ደህና ነው። ሳቅ የት ቦታ እንደሚቀመጥ እንዳትነግረኝ።

ቤት መዋሉ ሲከብደው ፀጉር ቤት ይዤው መሄድ ጀመርኩ። ሥራውን አሁን የያዘው ጺሞ ነው፤ የሰውን ጺም እያስተካከለ የራሱን የረሳው ተቀጣሪ። አንድ ቀን የደንበኛውን ማጅራት አጣሞ ሲቆርጥ አባባ ከአግዳሚው ላይ ብድግ ሊል እየሞከረ፣ «አንተ ደደብ!» አለ። ጥርት አድርጎ! ጺሞ መቁረጫውን ጥሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ! እስቲ አንድ ጊዜ!» አባባ ሊደግመው ከንፈሩን አስተካከለ፣ ታገለ፣ ላቡ መጣ። የወጣው «እንዴታ» ነበር።

ንግግሩን የምታለማምደው ባለሙያ ይህን ስነግራት በዜማ እንሞክር አለች። መላጫ ሲስል የሚያንጎራጉራትን ዘፈን ጀመርኩለት፤ እሱ ተቀብሎ ቃሉን ሳያጎድል ጨረሳት። እያለቀስኩ ደወልኩልህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

«የሚጠበቅ ነው። ስድብና ዘፈን በሌላው የአንጎል ጎን ያልፋሉ። ንግግር ተመለሰ ማለት አይደለም፣ በከንቱ ተስፋ አታድርጊ።»

ልክ ነህ። ወንድሜ፣ ሁልጊዜ ልክ ነህ፤ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። ብትሳሳት ኖሮ እከራከርህ ነበር። ልክ ለሆነ ሰው ግን ምን ይባላል?

ረቡዕ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ያንን ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ፈረንሳይ አገር የነበረውን፣ አንድ ድምፅ ብቻ ይናገር የነበረውን በሽተኛ አስተማርኩ። ይህ የትምህርቱ ክፍል ያንተ ድርሻ ነበር፣ ማስታወሻህን ይዤ ገባሁ። ሰውየው ጫማ የሚሰፋበትን የእንጨት ቅርጽ ይሠራ እንደነበር፣ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል እንደኖረ፣ ታሪኩን የጻፈው ታዋቂ ሐኪም ያገኘው ግን ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው እንደሆነ ነገርኳቸው። ሲሞት አንጎሉን አውጥተው አዩ፤ የተጎዳውን ቦታ አገኙ፤ የንግግር ቦታ በግራ በኩል ነው የሚለው ግኝት ከዚያ ተነሣ። አንጎሉ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ያቺው ሰኞ ስላንተ የጠየቀችኝ ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሰውየው ግን ምን ለማለት ነበር የሚፈልገው?»

ማስታወሻህን ገለበጥኩ። የኔንም መጽሐፍ። የለም። ቁስሉ የት እንደሆነ ሁሉም ጽፎታል፤ ሊናገር የፈለገውን የጻፈ የለም። «አይታወቅም» ብዬ ሰዓቱ ሳይደርስ ተማሪዎቹን ለቀቅኳቸው። ታሪክ ብለን የምናስተምረው በዚህ በኩል እንዲህ ባዶ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር። ያንተ ሰዎች ቤቱን መዘገቡ፤ የኔዎቹ ደግሞ ዘግይተው ሲደርሱ ተከራዩ የለም።

ሐሙስ ለባለቤትህ ደወልኩላት። ልወቅስህ ነበር፣ ወቀሳዬን ሳልጀምር አስቆመችኝ። ከሥራ ስትመለስ መኪናህን ግቢ አቁመህ እንደማትወርድ፣ መሪው ላይ ስልክህን ደግፈህ ያንን ቪዲዮ ደጋግመህ እንደምታየው ነገረችኝ። «እንዴታ ሲል እሰማዋለሁ፤ መስኮቱን ሳንኳኳ ያጠፋዋል» አለችኝ። ይህን ስሰማ ልቤ የሚራራ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ራራ። ከዚያ ይበልጥ ተናደድኩ። አንተ እዚያ መኪና ውስጥ ታለቅሳለህ፣ እሱ እዚህ ግድግዳ እያየ ያለቅሳል፤ እኔ መሃላችሁ እንደ ስልክ ሽቦ ተወጥሬ የማንን ለማን ላድርስ? ከፈራህ ፈራሁ በለኝ። አንጎል የምትመረምር ሰው አንድ ሽማግሌ ፊት መቀመጥ ቢያስፈራህ አልስቅብህም።

አሁን ወደ ነገሬ። ትላንት ባለሙያዋ የቤተሰብ ፎቶዎች ይዛ መጣች። የኔን አሳየችው፣ «እንዴታ» አለ። የጺሞን አሳየችው፣ «እንዴታ» ብሎ ሳቀ። ያንተን አወጣች፤ በምረቃህ ቀን ካባ ለብሰህ የተነሣኸውን።

«ጋሼ፣ ይሄ ማነው?»

እንዴታ አላለም። ፎቶውን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ባለሙያዋ ልትረዳው ስትል ክንዷን ያዝኩት። ግንባሩ ላይ ያለችው ደም ሥር ተገትራ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው፣ «ት… ትልቁ» አለ። «ትልቁ።» ዘፈን አልነበረም፣ ስድብም አልነበረም።

ከዚያ ፎቶውን በፊቱ ደፋው፣ መዳፉንም ከላዩ አሳረፈበት።

ተቆጥቶህ ይሁን ናፍቀኸው፣ ይምጣ ማለቱ ይሁን አይምጣብኝ፣ አላወቅኩም። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ምን እንደሚያስብ ሳጠና ኖሬ የገዛ አባቴን መዳፍ ማንበብ አቃተኝ። አንተም ከአንጎሉ ምስል ላይ አታገኘውም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ መጥተህ ራስህ ጠይቀው። መልሱ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይፈጅበት ይሆናል፤ ቃል አታቀብለው፣ ሰዓትህንም አትይ፤ ወንበር ስበህ ቁጭ ብለህ ጠብቀው።

ገና ያልበረደላት
እህትህ